አረንጓዴ ሻይ ለኮሌስትሮል ይረዳል? ካፕሱሉስ ከቅጠሉ ይሻላል?

የሰላም እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 46 ነው። በቅርቡ ስመረመር ኮሌስትሮልሽ ትንሽ ከፍ ብሏል ተባልኩ። ሐኪሙ ለመድኃኒት ገና ነው፣ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ እንሞክረው ብሎኛል። በዚያው ምርመራ አይረኔም አነስተኛ ሆኖ ስለተገኘ የአይረን ኪኒን አዞልኛል።

ይህን የሰማች ጓደኛዬ አረንጓዴ ሻይ ጀምሪ አለችኝ። ኮሌስትሮል ያወርዳል፣ ቦርጭ ያጠፋል፣ ካንሰር ይከላከላል ትላለች። ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ከአረንጓዴ ሻይ ተጨምቆ የተሠራ ካፕሱልም ሰጠችኝ። ብልቃጡ ላይ «በአንድ ካፕሱል 450 ሚሊግራም ኢጂሲጂ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ በፊት» ይላል። ገና አልጀመርኩትም።

እናቴም አብረን እንጠጣ ብላለች። እሷ ግን ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ትወስዳለች። የግፊት መድኃኒትም አላት።

የሚነገርለት ጥቅም ምን ያህሉ እውነት ነው? በቀን ስንት ኩባያ ይበቃል? ካፕሱሉ ይሻላል ወይስ ቅጠሉ? እናቴስ ብትጠጣ ችግር አለው? ደግሞ አንድ ቀን አፍልቼ ቀመስኩት፣ በጣም መረረኝ። እባካችሁ የምታውቁትን አካፍሉኝ።

ጋሽ ቅጠሉ

ልጄ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስለ ምሬቱ ግን ልንገርሽ፤ ይህን ሻይ ብዙ ዓመት ጠጥቼዋለሁ።

የሚመርሽ በሚፍለቀለቅ ውኃ ስለምታፈዪውና ቅጠሉ ብዙ ስለሚቆይ ነው። ጥቁር ሻይ እሳት ላይ ቢንተከተክም ይችላል። አረንጓዴው አይችልም። ውኃው ከፈላ በኋላ ክዳኑን ከፍተሽ ትንሽ አቆዪው። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ ቅጠሉ ላይ አፍስሺው። ለአንድ ኩባያ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል ይበቃል። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ጠብቀሽ አጥልዪው። ቅጠሉን ኩባያው ውስጥ ትተሽ ወሬ ከያዝሽ ይመራል።

ጥሩ ቅጠል ከሆነ አትጣዪው፤ ሁለተኛ ውኃ ይቀበላል። ለእኔ እንዲያውም ሁለተኛው ይጣፍጠኛል።

ስኳር ግን አደራ። ለኮሌስትሮል ብለሽ ጀምረሽ በየኩባያው ሦስት ማንኪያ ስኳር የምትጨምሪ ከሆነ ቢቀርብሽ ይሻላል።

ሥነ ምግብ

ሰላም እህቴ። በሥነ ምግብ ሙያ ነው የምሠራው። መጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ ልንገርሽ፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ ይመጣል።

አረንጓዴ ሻይና ጥቁር ሻይ ከአንድ ተክል ነው የሚመጡት። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። ቅጠሉ ተቀጥፎ ሲታሽ ውስጡ ያለ ኢንዛይም ከአየር ጋር ይሠራና ቅጠሉን ያጠቁረዋል። የተቆረጠ ፖም የሚጠቁረውም በዚሁ ዓይነት ኢንዛይም ነው። አረንጓዴ ሻይ የሚሠሩ ሰዎች ቅጠሉ እንደተቀጠፈ ቶሎ ያሞቁታል። ጃፓኖች በእንፋሎት፣ ቻይናዎች በአብዛኛው በጋለ ብረት ምጣድ። ሙቀቱ ኢንዛይሙን ያቆመዋል። ስለዚህ ካቴኪን የሚባሉት ውሑዶች ሳይለወጡ ይቀራሉ። በጥቁር ሻይ ውስጥ ግን አብዛኞቹ ቲያፍላቪንና ቲያሩቢጂን ወደሚባሉ ሌሎች ፖሊፌኖሎች (ካቴኪኖችም ያሉበት የተክል ውሑዶች ወገን) ይቀየራሉ። ጥቁር ሻይ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ የያዘው ሌላ ነው።

ከካቴኪኖቹ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኢጂሲጂ ነው። ብልቃጡ ላይ ያየሽው እሱ ነው። ምሬቱም፣ አፍ የሚያደርቀውም ስሜት በአብዛኛው ከካቴኪኖቹ ነው። ጋሽ ቅጠሉ ያሉት ትክክል ነው፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ምሬቱ ይቀንሳል። ነገር ግን የሚወጣው ካቴኪንም አብሮ ይቀንሳል። እኔ የምመክረው የሚጥምሽን ነው። መሮሽ በሳምንቱ የምትተዪው ሻይ ምንም አይጠቅምሽም።

ሌላው ኤል-ቲያኒን የሚባል አሚኖ አሲድ ነው። ያንን ለስለስ ያለ ጣዕም የሚሰጠው እሱ ነው። ከመቀጠፉ በፊት ጥላ ውስጥ እንዲያድግ የተደረገ ቅጠል ይህ በብዛት አለው። ብዙ ሰው አረንጓዴ ሻይ ሲጠጣ ሳይቅበጠበጥ ነቃ እንደሚል የሚናገረው ቲያኒኑና ካፌይኑ አብረው ስለሚሠሩ ሊሆን ይችላል። ካፌይኑ በአንድ ኩባያ 30 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ቡና በተመሳሳይ መጠን ሦስት እጥፍ ያህል አለው።

አሁን ወደ ኮሌስትሮሉ። እውነት ነው፣ ያወርዳል። ግን ስንት? እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ትንታኔ 14 ሙከራዎችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። ጠቅላላ ኮሌስትሮል በአማካይ 7 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ መጥፎ የሚባለው ኤልዲኤል ደግሞ 2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ያህል ነው የቀነሰው። የአንቺ ኤልዲኤል 145 ቢሆን 143 ሆነ ማለት ነው። ቅባቱን መለወጥ፣ ጥራጥሬና አጃ ማብዛት፣ በየቀኑ መራመድ ከዚህ የበለጠ ይሠራሉ። ሻዩ እነሱን ተክቶ አይቆምም። ጣፋጭ መጠጥ ከተካ ግን እሰየው፤ እኔ ትልቁ ጥቅሙ እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቦርጭ በአጭሩ፦ ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 አይቶት የሚገኘው የክብደት ቅነሳ በጣም ትንሽ ነው፣ ለጤና ትርጉም ያለው አይደለም ብሏል። ለዚህ ብለሽ ገንዘብ አታውጪ።

አይረኑ ላይ ግን በጣም ተጠንቀቂ። የሻይ ፖሊፌኖሎች ከአትክልትና ከጥራጥሬ የሚገኘውን አይረን ይይዙትና አንጀት እንዳይመጠው ያደርጋሉ። ሻይ ከምግብ ጋር፣ ወይም ምግብ እንዳበቃሽ ወዲያው አትጠጪ። ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ከተቻለ ሁለት ሰዓት ይለፍ። ኪኒኑንም በሻይ አትዋጪው። በብርቱካን ጭማቂ ብትወስጂው ቫይታሚን ሲ መመጠጡን ያግዘዋል።

ፋርማሲስቷ

እህቴ፣ ካፕሱሉን ስላልጀመርሽው በጣም ደስ ብሎኛል። እባክሽ አትጀምሪው። ምክንያቱን ላስረዳሽ።

የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2018 መርምሮታል። ሻዩን በተለመደው መንገድ አፍልተው የሚጠጡ ሰዎች በአማካይ በቀን ከ90 እስከ 300 ሚሊግራም ኢጂሲጂ ያገኛሉ፤ ይህ በአጠቃላይ ጉዳት የለውም ብሏል። በካፕሱልና በመሳሰለው ማሟያ መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በወሰዱ ሰዎች ላይ ግን የጉበት መጎዳት ምልክት ታይቷል። ያንቺ ካፕሱል 450 ነው። ሁለቱን ስትደምሪው 900 ይመጣል።

ከምግብ በፊት የሚለው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ኢጂሲጂ በብዛት ወደ ደም ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ደንብ የቀኑ መጠን ከ800 ሚሊግራም በታች እንዲሆን አዟል። ብልቃጡ ላይም በባዶ ሆድ አይወሰድ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት እንዲሁም ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይውሰዱት ተብሎ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ያንቺው ብልቃጥ የሚያዝሽ ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ይህ ብቻ ለእኔ በቂ ምክንያት ነው።

ከመጠኑ በታች ከሆነ ሁሉም ሰው ሰላም ነው ማለትም አይደለም። በዘር የሚወረስ የተወሰነ ዓይነት ጂን ያላቸው ሰዎች ጉበታቸው በቀላሉ እንደሚጎዳ ታይቷል። ያ ጂን እንዳለው አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

አሁን ስለ እናትሽ። ዋርፋሪን የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ሥራ በመግታት ነው። የሻይ ቅጠሉ ቫይታሚን ኬ በብዛት አለው። ደግነቱ ወደ ውኃው የሚወጣው ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ኩባያ ብዙ ጊዜ ችግር አያመጣም። ችግር የሚመጣው በብዛት ሲሆንና መጠኑ ድንገት ሲለዋወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተዘገበ አንድ ታማሚ ዋርፋሪን እየወሰደ በቀን በሊትር የሚለካ አረንጓዴ ሻይ መጠጣት ጀምሮ አይኤንአሩ (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) ከ3.79 ወደ 1.37 ወርዷል። ይህ ማለት መድኃኒቱ ደም ከመርጋት ሊጠብቀው አልቻለም ማለት ነው።

እናትሽ መጠጣት ከፈለጉ መጀመሪያ አይኤንአራቸውን የሚከታተለው ሐኪም ይወቅ። ከተፈቀደላቸው በየቀኑ አንድ ዓይነት መጠን ይጠጡ፤ ዛሬ አምስት ኩባያ፣ ነገ ምንም እንዳይሆን። ከጀመሩ በኋላ አይኤንአሩ ቶሎ ይታይ። ዱቄቱን፣ ማቻ የሚባለውን፣ አይንኩት። እሱ ቅጠሉ ራሱ ተፈጭቶ የሚጠጣ ነው፤ ቫይታሚን ኬውም ሳይጠለል ይገባል።

የግፊት መድኃኒታቸው ስም ምንድን ነው? እሱን ሳላውቅ ዝም ብዬ ይጠጡ ማለት አልችልም።

የሰላም እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካፕሱሉን አንስቼ አስቀምጫለሁ።

የእናቴን መድኃኒት ሄጄ አየሁት። ናዶሎል ይላል። ምን ችግር አለው?

ፋርማሲስቷ

እንኳን ጠየቅኩሽ!

ከሁሉም የግፊት መድኃኒቶች ከአረንጓዴ ሻይ ጋር በግልጽ መጋጨቱ የታየው ናዶሎል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አለ። 10 ጤነኛ ፈቃደኞች በቀን 700 ሚሊ ሊትር አረንጓዴ ሻይ ለሁለት ሳምንት ጠጡ፤ ከዚያ ናዶሎል ተሰጣቸው። ደማቸው ውስጥ የተገኘው መድኃኒት ውኃ ከጠጡበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር በ85 በመቶ ቀንሷል። ግፊቱን የማውረድ ኃይሉም ደክሟል። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ካቴኪኖቹ አንጀት ላይ መድኃኒቱን ተቀብሎ የሚያስገባውን አጓጓዥ ፕሮቲን ይዘጉታል።

ስለዚህ እናትሽ ናዶሎል እየወሰዱ አረንጓዴ ሻይ አይጠጡ። በሰዓት አራርቄ ልስጣት እንዳትዪ፤ ይህ እንደ አይረኑ አይደለም። በጣም ከወደዱት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ መድኃኒቱን የሚለውጥ ወይም የማይለውጥ እሱ ነው። በራሳችሁ መድኃኒቱን አታቁሙ። እንዲህ ያለውን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ልብን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ሌሎች ለምታነቡም ልጨምር። ቦርቴዞሚብ የሚባል የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከአረንጓዴ ሻይ፣ በተለይ ከካፕሱሉ፣ ይራቅ። በላቦራቶሪና በእንስሳት ላይ በተደረገ ጥናት ኢጂሲጂ መድኃኒቱን ይዞ ሥራውን እንደሚያግድበት ታይቷል። ካንሰር ይከላከላል ተብሎ ለካንሰር ታማሚ ካፕሱል ሲሰጥ ስለማይ ነው ይህን የማነሣው። የሚሰጡት በፍቅር ነው። መድኃኒታቸውን ግን ሳይጠይቁ ነው።

ማለዳ

የካፕሱሉ ነገር በእኔ ደርሷል። ለመክሳት ብዬ በኢንተርኔት የሚሸጥ የአረንጓዴ ሻይ ካፕሱል እወስድ ነበር። ሻጩ ተፈጥሮአዊ ስለሆነ ምንም አያደርግም ነው ያለኝ። መጀመሪያ ድካም መጣ፣ ከዚያ የምግብ ፍላጎቴ ጠፋ። ሽንቴ ጠቆረ። የዓይኔ ነጭ ቢጫ ሲሆን ቤተሰቦቼ አፋፍሰው ወሰዱኝ። የጉበት ኢንዛይሜ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ ሌላውን ምክንያት ሁሉ መርምራ ካፕሱሉን እንዳቆም አደረገች። ቀስ እያለ ወረደልኝ፤ አሁን ደህና ነኝ።

ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። ግን እነዚህን ምልክቶች ያየ ሰው ነገ ያልፍልኛል ብሎ አይጠብቅ። ብልቃጡን ይዞ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሐኪም ምን ትወስዳለህ ሲል ብዙዎቻችን መድኃኒቱን ብቻ ነው የምንናገረው፤ ካፕሱሉንም ተናገሩ።

ቁጥር ወዳድ

ስለ ካንሰሩ ማንም በደንብ አልመለሰላትም። ልሞክር።

ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው በሰሜን ጃፓን፣ ኦሳኪ አካባቢ የተደረገው ጥናት ነው። 40,530 አዋቂዎችን እስከ 11 ዓመት ተከታትሏል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። በቀን አምስት ኩባያና ከዚያ በላይ የሚጠጡ ሰዎች ከአንድ ኩባያ በታች ከሚጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ በማንኛውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው በ16 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር። በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ26 በመቶ። የሴቶቹ ውጤት ከወንዶቹ ጎላ ያለ ነው። በካንሰር መሞት ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያወራል፣ የመጨረሻውን ይዘለዋል።

ይህ ሰዎችን በመከታተል የተሠራ ጥናት መሆኑንም አትርሱ። አምስት ኩባያ የሚጠጣው ሰው በሌላም ነገር የተለየ ሊሆን ይችላል። አጥኚዎቹ ዕድሜን፣ ማጨስን፣ አመጋገብን አስተካክለው ቢያሰሉም ሁሉንም ማስተካከል አይቻልም።

ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2020 በካንሰር ላይ ብቻ 142 ጥናቶችን ሰብስቦ አይቷል። ያገኘው እርስ በርሱ የማይስማማ ውጤት ነው። ካንሰር ይከላከላል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝን ልጨምር። ካቴኪኖች እውነተኛ መድኃኒት ሆነውም ያውቃሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 ከአረንጓዴ ሻይ የተሠራ ቅባት ፈቅዷል። የሚታዘዘው ግን በብልት አካባቢ ለሚወጣ ኪንታሮት ነው፣ ያውም ቆዳ ላይ የሚቀባ። ከተክሉ ውስጥ ጠቃሚ ነገር አለ። ጥያቄው ሁልጊዜ የት፣ በምን መጠን፣ ለማን የሚለው ነው።

ደግሞ ጋሽ ቅጠሉ ውኃውን አብርዱት ማለታቸው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥ፣ ምንም ዓይነት ይሁን፣ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ምክንያት ሊሆን ይችላል ብሎ መድቦታል። እፍ እያላችሁ፣ ረጋ ብላችሁ ጠጡ።

ሚሚ

ጣልቃ ልግባና፣ ወተት ሲገባበት ጥቅሙ ይጠፋል የሚባለው እውነት ነው? ሎሚስ? ነፍሰ ጡር ስለሆንኩም ነው የምጠይቀው።

ሥነ ምግብ

ሚሚዬ፣ እንኳን ደስ አለሽ። የወተት ፕሮቲን ካቴኪኖቹን ይይዛቸዋል። ጥቅማቸውን ምን ያህል እንደሚቀንስ ግን ጥናቶቹ አልተስማሙም። ሎሚ ጥሩ ነው። በላቦራቶሪ ሙከራ ካቴኪኖቹ አንጀት ውስጥ ቶሎ እንዳይበላሹ ሲያግዝ ታይቷል። ምሬቱንም ያለዝበዋል።

እርግዝና ላይ ግን በልኩ ይሁን። ከሁሉም ምንጭ የሚገባው ካፌይን በቀን ከ200 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ቡናሽንና ጥቁር ሻይሽንም ቁጠሪ። ከዚያ ሌላ ካቴኪን በብዛት ሲገባ ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ሊያውክ ይችላል። ፎሌት ደግሞ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለልጁ የነርቭ ሥርዓት በጣም ያስፈልጋል። ፎሊክ አሲድሽን በውኃ ዋጪ። ከአንድ ወይም ሁለት ኩባያ አትለፊ። ካፕሱሉ ፈጽሞ አይሆንም።

የሰላም እናት

ሁላችሁም ተባረኩ። ለእናቴ ነገርኳት፤ ትንሽ ቅር ብሏታል፣ ግን ገብቷታል። ሐኪሟ ጋ የምትሄድበት ቀን ቅርብ ስለሆነ ያኔ እናነሣዋለን።

እኔ ቅጠሉን እንደ ጋሽ ቅጠሉ አፈላል ሞከርኩት፣ በእውነት ሌላ ሻይ ነው የሆነልኝ። ቁርስ ስምንት ሰዓት ከበላሁ ኪኒኑን ከብርቱካን ጋር እወስዳለሁ። ሻዩን መቼ ላድርገው? ማታ ብጠጣውስ? እንቅልፌ ቀላል ነው።

ፋርማሲስቷ

ማታው ይቅር። ካፌይኑ ከቡና ያነሰ ቢሆንም እንቅልፉ ቀላል ለሆነ ሰው ይበቃዋል። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ብቻ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ካፌይኑ የወጣለት አረንጓዴ ሻይም አለ፤ ማታ ከናፈቀሽ እሱን ሞክሪ። ካቴኪኑ ግን አነስ ይላል።

ቁርስሽና ኪኒንሽ በሁለት ሰዓት ጠዋት ከሆነ፣ አንዱን ኩባያ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጠጪ። ሌላውን ምሳ ከበላሽ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ። በባዶ ሆድ ካቅለሸለሸሽ ትንሽ ነገር ቅመሺ፤ ብዙ ሰው ያቅለሸልሸዋል። አይረንሽ እስኪስተካከል ሁለት ኩባያ ይበቃል። የሚቀጥለው ምርመራሽ ላይ ፌሪቲን የሚባለውንም እንዲያዩልሽ ጠይቂ፤ የተከማቸውን አይረን የሚያሳየው እሱ ነው።

ከላይ ቁርስ «ስምንት ሰዓት» ያልሽው በውጭ አቆጣጠር መስሎኝ ነው የመለስኩት። ካልሆነ ንገሪኝ፣ ሰዓቱን አስተካክልልሻለሁ።

የሰላም እናት

አዎ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቴ ነው። ስልኬ ላይ እያየሁ ስጽፍ ነው። ካፕሱሉን ለጓደኛዬ ልመልስላት አስቤ ነበር፤ እሷም እየወሰደችው ይሆን?

ፋርማሲስቷ

ጠይቂያት እንጂ። ምን ያህል እንደምትወስድ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ሌላ መድኃኒት እንዳላት። ማለዳ የጻፈችውንም አሳዪያት። እየወሰደች ከሆነ ታቁምና የጉበት ምርመራ ታድርግ። የደም ናሙና ብቻ ነው የሚፈልገው።